ስለ «ጥርስ አልባ» አጭር ሒስ

ጥርስ ለሌለው አፍ በሕክምና ቋንቋ መደበኛ ስያሜ ሲፈለግ፣ ከላቲን ለተወረሰው «ኢደንቱለስ» አቻ ሆኖ ፈጥኖ የሚቀርበው «ጥርስ አልባ» ነው። ቃሉ ለጆሮ አይከብድም፤ ዳሩ ግን ከመነሻው ያልበቀለውን ጥርስ በቅሎ ከጠፋው አይለይም።

ሌሎቹም አማራጮች ከነቀፌታ አያመልጡም። «ወላቃ»፣ እንደ «ሸራፋ»ና «ጎባጣ» ሁሉ፣ ጉድለትን በሚጠራ ቅርጽ የተበጀ ነው፤ «ድዳም»ም ከ«ሆዳም» ጎን ይሰለፋል። ሐኪም በበሽተኛው ፊት ሊናገራቸው አይገባም። «ጥርሰ ቢስ» ብንል «ምግባረ ቢስ»ን ያስታውሳል። ከግእዙ «ስን» ተነሥተን «ስነ አልባ» ብንፈጥር፣ ሰሚው በ«ሥነ ጽሑፍ» ካለው «ሥነ» አይለየውም፤ ሁለቱ በፊደል እንጂ በአማርኛ ንባብ አይለያዩምና። «ጥርስ» ራሱ የግእዙ «ፅርስ» ዘመድ ሲሆን ሌላ ፍለጋ መሄድም አያስፈልግም።

የልዩነቱ ጉዳይ በሕክምና ቤት ብቻ አይወሰንም። ድሬዳዋ አጠገብ በሐርላ፣ በቲሞቲ ኢንሶል የተመራው ቁፋሮ የ12ኛው መቶ ዓመት መስጊድና የመቃብር ስፍራ ማግኘቱ በ2009 ዓ.ም. ተገልጿል፤ የጥንቱን አመጋገብ ለማወቅም ከተቀበሩት የአንዳንዶቹ አፅም ተመርምሯል። ከእንዲህ ያለ ስፍራ ጥርስ የሌለው የመንጋጋ አጥንት ቢወጣ መርማሪው የጥርሱን ጉድጓድ ያያል። ሰውየው ጥርሱን ያጣው በሕይወቱ ከሆነ ጉድጓዱ ከጊዜ በኋላ በአጥንት ይደፈናል፤ ጥርሱ ከሞት በኋላ ከወለቀ ግን ክፍት ሆኖ ይቀራል። የፊተኛው የሟቹን ጤና ሊመሰክር ይችላል፤ የኋለኛው በአፅሙ ላይ የደረሰውን ብቻ። ሁለቱንም «ጥርስ አልባ» ብሎ መመዝገብ ምስክርነታቸውን ያደበላልቃል።

መፍትሔው በሕዝቡ አነጋገር ውስጥ አለ። ጥርስ ይበቅላል፣ ይታጣል፣ ይወልቃል። ስለዚህ ከተፈጥሮ ላልወጣው «የጥርስ አለመብቀል»፣ በሕይወት ለጠፋው «የጥርስ እጦት»፣ ከአፅም ለተለየው «ድኅረ ሞት የጥርስ መውለቅ» እንዲባል እናሳስባለን። እጦቱም «ሙሉ» ወይም «ከፊል» ተብሎ ይከፈል። «አጣ» ያልተገኘንም ይገልጻል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን «የእንቅልፍ እጦት» በሕክምና እንደ ተለመደ፣ ይኸኛውም በብያኔ ተወስኖ ሊጸና ይችላል። «ጥርስ አልባ» ለጠቅላላ ገለጻ ይቆይ።

የዓለም የጤና ድርጅት፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ሰዎች 23 በመቶው ጥርሳቸውን በሙሉ እንዳጡ ገምቷል። ይኸን ያህል አረጋዊ የሚጠራበት ቃል በሽታውን በትክክል ሊለይ፣ የባለቤቱንም ክብር ሊጠብቅ ይገባል።