ቡፌን ከጀርባው ማየት

አሮጌ ቡፌ ሊገዛ የመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሩን ከፍቶ ይዘጋል፣ ላዩን በእጁ ይዳብሳል፣ ከዚያ ዋጋ ይጠይቃል። እኔ መጀመሪያ የምለምነው ቡፌው ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ እንዲልልኝ ነው። ፊቱን አናጺው ለባለቤቱ ብሎ አሳምሮታል፤ ጀርባውን ግን ማን ያየዋል ብሎ እንዳለ ትቶታል። ስለ እንጨቱ፣ ስለ መጋዙና ስለ ሠሪው ችሎታ ማወቅ የምፈልገውን አብዛኛውን ነገር የማገኘው እዚያ ነው።

አሮጌ ቡፌ መፈለግ፣ መጠገንና እንደገና ለቤት ማብቃት ሥራዬ ነው። ከቦንጋ ወዲያ ሚዛን ተፈሪን፣ ቴፒንና ማሻን ይዞ በሚዘልቀው የቡና አገር መፈለጌም ያለ ምክንያት አይደለም። ቡና ጥላ ይወዳል፤ በዚህ አገር ጥላ ከሚሆኑለት ዛፎች ዋንዛና ሰሳ ከዋነኞቹ ናቸው። ዋንዛ በነጭ አበባው ንብ ይቀልባል፣ በሚጣፍጥ ብጫ ፍሬው ልጅና ወፍ ይሰበስባል፣ በሚረግፍ ቅጠሉ የቡናውን መሬት ያለብሳል። ተቆርጦ በወጉ ሲደርቅ ደግሞ ለመላጊያ የሚታዘዝ፣ ብዙ የማይጣመም፣ ምስጥም በቀላሉ የማይደፍረው እንጨት ይሆናል። የአገራችን ከበሮ የሚፈለፈለውም ከዋንዛ ነው። ስለዚህ የዚህ አገር አሮጌ ቡፌ ዱሮ ለቡና ጥላ ሆኖ የቆመ ዛፍ ነው ብል አላጋነንኩም።

ቡፌው መቼ እንደተሠራ ስጠይቅ ዓመተ ምሕረት የሚነግሩኝ ባለቤቶች ጥቂት ናቸው። «ቡና ዋጋ ያወጣ ዓመት» ይሉኛል፤ ወይም «ትልቋ ልጅ የተዳረች ጊዜ»። ሁለቱ መልሶች ብዙ አይራራቁም። ቡናው ከመስከረም መጨረሻ አንስቶ ይለቀማል፣ ገንዘቡ እጅ ሲገባ ጥር ይደርሳል፣ ጥር ደግሞ የሰርግ ወር ነው። ቴፒ አጠገብ ቡፌያቸውን ያሳዩኝ አንዲት እናት የነገሩኝን አልረሳውም። «አናጺው እዚሁ ቤት እየበላ እየጠጣ ነው የሠራው ልጄ። ጣውላው ጣራ ሥር ዓመት ሙሉ ተደርድሮ ከርሟል። ባለቤቴ ሳይደርቅ አትነካውም ብሎት ነበር።» እኒያ ባለቤት እንጨት ሠሪ አልነበሩም፤ ቡና ነጋዴ ነበሩ። እርጥብ ቡና ጆንያ ውስጥ ቢገባ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው እርጥብ ጣውላ ቡፌ ሲሆን የሚመጣውን ጣጣ ለመገመት አልተቸገረም።

በውጭው ዓለም ረጅምና ዝቅ ያለውን የሳሎን ቡፌ የሚሰበስቡ ሰዎች አስቀድመው የሚፈልጉት የሠሪ ስም ነው። የዴንማርኮቹ ሃንስ ዌግነርና ፊን ዩል የነደፏቸው ዕቃዎች፣ አሜሪካዊቷ ፍሎረንስ ኖል እ.ኤ.አ. በ1961 ለቢሮ የነደፈችው ቡፌ ይፈለጋሉ። ገዢው መሳቢያውን ስቦ ወይም ዕቃውን ገልብጦ የአምራቹን ማኅተም ይፈልጋል፤ ማኅተሙ ከተገኘ ዋጋው ይንራል። በእኛም አገር ስም ያለው ሥራ አለ። በ1953 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ የአርክቴክቱን የአርቱሮ ሜዜዲሚን ስም ይዞ ኖሯል፤ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. እንደገና ሲከፈትም ያ ዘመን ለሠራው ሁሉ ተገቢው ክብር ተሰጥቶታል። የሚዛን ተፈሪ ቡፌ ግን ማኅተም የለውም። ማን እንደነደፈው የተጻፈ ነገር የለም፤ የሠራው ሰው ስምም ብዙ ጊዜ ከባለቤቱ ጋር ተቀብሯል።

ስም ባይኖረውም እጅ አለው። የእኔ ሙያ ያንን እጅ መለየት ነው።

ከጀርባው በመጀመሪያ የማየው የመጋዝ ዱካ ነው። ግንዱ ቆጥ ላይ ተጋድሞ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ሆነው በሁለት ሰው መጋዝ ሲሰነጥቁት፣ ጣውላው ላይ ቀጥ ያሉ ግን ርቀታቸው እኩል ያልሆነ ሰንበሮች ይቀራሉ። የመጋዝ ቤት ክብ ምላጭ ቅስት ይተዋል። ከዚያ መዳፌን አሳርፋለሁ። የእጅ መላጊያ የሄደበት ገጽ ዓይን አይቶ ደልዳላ ቢለውም መዳፍ ስስ ጎድጎድታውን ያገኘዋል፤ በማሽን የተላገው እንደ መስታወት ለጥ ያለ ነው። ቀጥሎ መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ አውጥቼ እገለብጣለሁ። ጎኑ ከፊቱ ጋር በምስማር ብቻ ተመትቶ ከሆነ አናጺው ቸኩሏል ወይም ክፍያው አንሶበታል። ጥርስ ለጥርስ ተቆልፎ ከሆነ ግን ጥርሶቹን አያለሁ። ሰፊ ናቸው ወይስ ጠባብ? በመሮ ሲቀረጹ የተሰመረው መስመር ይታያል? ከልጡ ሥር የሚገኘውን ነጣ ያለ እንጨት አስወግዶ ቀዩን ልብ ብቻ ተጠቅሟል? ነቀዝ የሚወደው ነጩን ክፍል ነውና ይህን ለይቶ የጣለ ሰው የነገውን አስቧል።

አንድ ጊዜ ሚዛን ተፈሪ ባገኘሁት ቡፌ መሳቢያዎች ሥር «ግራ»፣ «ቀኝ» የሚል የእርሳስ ጽሑፍ ነበረበት። ጸሐፊው የ«ቀ»ን እግር ከልክ በላይ ወደ ታች ያስረዝማል። ከጊዜ በኋላ ቴፒ ላይ ሌላ ቡፌ ገለበጥኩ፤ ያው እግሯ የረዘመ «ቀ» ነበረች። ጥርሶቹን ባስተያይ ስፋታቸው አንድ ነው፤ የእግሮቹም አቆራረጥ አንድ ነው፤ ሁለቱም ላይ የበሩ ማጠፊያ ከተለመደው ቦታ ትንሽ ወረድ ብሎ ተገጥሟል። የሰውየውን ስም እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሁለቱ ከተሞች ያዘዙት አንድ አናጺ እንደነበረ ግን ለመመስከር አልፈራም። ለእኔ ይህ ከማኅተም አያንስም።

ይህ ችሎታ ከቡፌው ጋር አብሮ የመጣ አይደለም። ቡፌ እንግዳ ዕቃ ነው፤ የእንጨት ጥበቡ ግን የቆየ ነው። የጅማ በርጩማ ከነእግሩ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ሲወጣ ኮላም ምስማርም አይነካውም። ጅማ ሙዚየም የገባ ሰው ከአባ ጅፋር ቤት የመጡትን የእንጨት ዕቃዎች አይቶ የዚያን ዘመን እጅ ምን ያህል እንደመጠቀ ይረዳል። የበርጩማው ጠራቢ የእንጨቱን ጠባይ ያውቅ ነበር፤ በኋላ ቡፌ ሥራ የተባለው አናጺም በዚያው አገር፣ በዚያው እንጨት መካከል ያደገ ነው።

የእንጨት ጠባይ ሲባል ዋናው ነገር እርጥበት ነው። እንጨት በቁመቱ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያሳይም፤ በወርዱ ግን እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሚዛን ተፈሪ አካባቢ ዝናቡ የዓመቱን ወራት አብዛኞቹን ይይዛል። አዋቂ አናጺ ስለዚህ የበሩን ሰሌዳ ከፍሬሙ ጋር በኮላ አያጣብቀውም፤ ቦይ ቆፍሮ በቦዩ ውስጥ ልቅቅ አድርጎ ያቆመዋል። በበጋ ሰሌዳው ሲኮማተር በዳር በኩል ቫርኒሽ ያልነካው ነጣ ያለ ቀጭን መስመር ብቅ ይላል። ብዙ ሰው ያንን መስመር እንደ ጉድለት ቆጥሮ ዋጋ ሊቀንስበት ይሞክራል። እኔ ሳየው ደስ ይለኛል፤ ሠሪው እንጨቱ እንዲተነፍስ ቦታ እንደተወለት ምስክር ነው። በኮላ የታሰረ ሰሌዳ መስመር አያሳይም፤ አንድ ቀን መሀል ለመሀል ይሰነጠቃል።

ከዚህ አገር ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ቡፌ ትልቁን አደጋ የሚያገኘው በዚሁ ምክንያት ነው። መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከእርጥብ አየር ወጥቶ ደረቅ ወደ ሆነው የኅዳርና የታኅሣሥ ደጋ በአንድ ቀን ሲገባ ይደነግጣል። ስለዚህ መሳቢያዎቹን አወጣለሁ፣ በሮቹን በጨርቅ አስራለሁ፣ በጆንያ እጠቀልላለሁ። በፕላስቲክ አልሸፍንም፤ ፕላስቲክ እርጥበቱን አፍኖ ቫርኒሹን ያነጣዋል። ከደረሰ በኋላ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ርቆ ሳምንታት ይቀመጣል፤ እስከዚያ ጥገና የሚባል ነገር አላነሳም። እዚያው ሚዛን ለሚቀር ቡፌም የምመክረው ይህንኑ ትዕግሥት ነው። በክረምት መሳቢያ አልከፈት ሲል ፈጥኖ መላጊያ የሚያነሳ ሰው በበጋ የሚንገላወድ መሳቢያ ያተርፋል። እስኪደርቅ ጠብቆ መንሸራተቻውን ሰም መቀባት ይበቃል። ሰሙ ደግሞ ከደጅ ነው፤ ሸካና ካፋ የማር አገር ናቸው፣ ከጠጅ ቤት የተረፈው ሰፈፍም ቀልጦ ሲጣራ ጥሩ ሰም ይሆናል።

ላዩን በተመለከተ ሁሌም ከማይታይ ጥግ እጀምራለሁ። ጥጥ ላይ ትንሽ ስፒሪቶ አድርጌ አሳርፋለሁ። ከለሰለሰና እጅ ላይ ከተጣበቀ የተቀባው ጎማላካ የሚባለው የድሮ ቅባት ነው፤ ስፒሪቶ ምንም ካላደረገው በኋላ የመጣ ቫርኒሽ ነው። ጎማላካ ከሆነ ብዙ ነገር ይድናል። ትኩስ ሲኒ ያሳረፈው ነጭ ክብ እርጥበት ቅባቱ ውስጥ ገብቶ የፈጠረው ስለሆነ፣ ስፒሪቶ በቅጡ ያልነካው በሚመስል ጨርቅ ቶሎ ቶሎ ሲጠረግ ይጠፋል። ሙሉውን ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ገፎ ጥቁር ቫርኒሽ መለሰን ግን ጥገና አልለውም። ዋንዛ ዘመን ሲቆጥር የሚያወጣው ቡናማ ቀለም ከላይ ያለው ስስ ሽፋን ላይ ነው ያለው፤ አንዴ ከተገፈፈ ገንዘብ አይመልሰውም።

የጥገና ሕጌ አንድ ነው፦ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ጠጋኝ ሥራዬን መፍታት መቻል አለበት። የድሮ አናጺዎች የተጠቀሙበት ከቆዳና ከአጥንት የሚፈላ ኮላ ሞቅ ያለ ውሃ ሲያገኝ ይለቃል። ስለዚህ የላላ እግር ሳይሰበር ይፈታል፣ ይጸዳል፣ እንደገና ይገጠማል። የዛሬው ነጭ ኮላ ጠንካራ ነው፤ ጥንካሬው ግን ቀጣዩን ጠጋኝ መጋዝ ያስነሳዋል። የጎደለ እንጨት ስተካ ዋንዛን በዋንዛ፣ ቀረሮን በቀረሮ እተካለሁ፤ ቃጫው በአንድ አቅጣጫ እንዲሄድ አደርጋለሁ፤ የተተካውም ከጀርባ በኩል እንዲታወቅ እተወዋለሁ። ማንም ሰው አሮጌ ነው ብሎ የገዛው ዕቃ የትኛው ክፍሉ አዲስ እንደሆነ የማወቅ መብት አለው።

ግዢውም የራሱ ሥነ ምግባር አለው። ባለቤቶቹ ቡፌውን ሊሸጡ የፈለጉት ከቺፕውድ የተሠራ አዲስ ዕቃ ስላማራቸው ከሆነ አስቀድሜ ያላቸውን ነገር እነግራቸዋለሁ፤ ጀርባውን አብረን እናያለን። ከዚያ በኋላ ሐሳባቸውን የሚለውጡ አሉ፤ በዚያ ጊዜ የጥገና ሥራ አገኛለሁ እንጂ አልከሰርኩም። ውርሱ ያልተከፈለ ቤት ዕቃ አልነካም። በቅርስነት የሚቆጠር ነገር ካየሁም ገበያ የሚወጣ እንዳልሆነ እናገራለሁ፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው።

«አሮጌ የሚመስል አዲስ የዋንዛ ቡፌ ሥራልኝ» የሚለኝ ደንበኛ ብዙ ነው። አልሠራም። የ1986ቱ የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ በስም ጠርቶ ከልክሎ ነበር። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካ በ2012፣ የማጃንግ በ2017 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ተመዝግበዋል። አንድ ዋንዛ ለቡፌ የሚበቃ ግንድ እስኪያወጣ ድረስ የሰው ዕድሜ ጉልህ ክፍል ይሄዳል፤ ያ ዛፍ በቆመበት ለቡና ጥላ እየሆነ፣ ንብ እየመገበ ይኖራል። የተቆረጠውና ከቤት ያለው እያለ ሌላ መቁረጥ ለእኔ ትርጉም አይሰጠኝም። የቆየውን ቡፌ ማቆየት የቆመውን ዛፍ ማቆም ነው።

የሚያሳስበኝ የእጁ መጥፋት ነው። ጥርስ ለጥርስ መቆለፍ፣ ኮላ ማፍላት፣ ጎማላካ መቀባት የሚችሉ አባቶች እያለቁ ነው፤ ወጣቱ የሚማረው የቺፕውድ አቆራረጥና የብሎን አጠባበቅ ነው። እሱም እንጀራ ነው፣ አልነቅፈውም። ነገር ግን በዚህ አካባቢ ያሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ለእያንዳንዱ የእንጨት ሥራ ተማሪ አንድ የተሰበረ አሮጌ መሳቢያ ፈቶ እንዲገጥም ቢሰጡት፣ ከመጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት በአንድ ሳምንት ያገኛል። ቡና የሚተክል ገበሬም ከችግኙ መካከል ለልጅ ልጁ የሚሆን ዋንዛ ቢተው አይጎዳም። ቤቱ ውስጥ አሮጌ ቡፌ ያለው ሰው ደግሞ ከመጣሉ በፊት ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጎ ጀርባውን ይየው፤ የመጋዝ ሰንበርና ቀይ ልብ ካየ ጠጋኝ ይጥራ። ጠጋኝ ባለበት ከተማ አሮጌ ዋንዛ ማገዶ አይሆንም።