የምታንጠባጥበው ቫልቭ

ከቦይለሩ ሥር፣ ቀዝቃዛው ውኃ በሚገባበት መስመር ላይ፣ አንዲት ትንሽ የናስ ቫልቭ ትታሰራለች። ሴፍቲ ቫልቭ ይሏታል። እኔ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ አብልጬ የማከብራት እሷን ነው።

ውኃ ሲሞቅ መጠኑ ይጨምራል። ከ20 ወደ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ጭማሪው 2 በመቶ ገደማ ነው፤ በ80 ሊትር ቦይለር ከአንድ ሊትር ተኩል ይበልጣል። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ግፊቱ ትንሽ ነው፤ በ10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ቢሰጥ ነው። ነገር ግን ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭ ከዘጋ፣ የሞቀው ውኃ መሄጃ ያጣል፤ ሮቶው ምንም ያህል ደካማ ቢሆን የቦይለሩ ታንክ ውስጥ ግፊቱ ሽቅብ ይወጣል። ያኔ በሴፍቲ ቫልቯ ውስጥ ያለው ሞላ ይረታል፣ መክደኛዋ ከፍ ይላል፣ ጥቂት ውኃ ይወጣና ተመልሶ ይዘጋል። መብራት ቢጠፋም፣ ሰው ባይኖርም ትሠራለች።

ጥበቡ ግን ቦታዋና ልኳ ላይ ነው። በእሷና በታንኩ መካከል ምንም መዝጊያ አይገባም። የምትከፈትበት ግፊት፣ ብዙ ጊዜ 8 ባር፣ ታንኩ ከሚችለው መብለጥ የለበትም።

ስታንጠባጥብ ተበላሸች ብለው ማስወጫዋን የሚደፍኑ አሉ፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ቦይለሩ ሲሞቅ የምትጥለው ጠብታ ሥራዋ ነው። ቀን ከሌት ካላቋረጠ ግን ቆሽሻለች ወይም የመስመሩ ግፊት በዝቷል።

እባክዎ ከቦይለርዎ ሥር ይመልከቱ፤ ማስወጫው ተደፍኖ ካገኙት ቦይለሩን አጥፍተው የቧንቧ ባለሙያ ይጥሩ።