ከአቦል እስከ በረካ፦ የአንዲት እናት ሙያ

ቡና ማፍላት ለሚያየው አንድ ሥራ ነው። ኮምቦልቻ የምትኖር አንዲት እናት ግን ሥራውን በታትናዋለች፤ ቄጤማ መጎዝጎዝ፣ ረከቦት ማቅረብ፣ ሲኒ ማጠብ፣ ከሰል ማቀጣጠል፣ ቡናውን ማጠብ፣ መቁላት፣ ጭሱን ለተቀመጠው ሰው ማዞር፣ መውቀጥ፣ ጀበና መጣድ፣ ማስከን፣ መቅዳት፣ ማደል። እያንዳንዱም በውስጡ ሌሎች ትንንሽ ሥራዎች አሉት። ማደል ብቻውን ሲኒውን አጥብቆ መያዝን፣ ሳያፈሱ መራመድን፣ ከሰው ፊት መቆምን፣ ሰውየው እስኪቀበል መጠበቅንና ባዶ እጅን ይዞ መመለስን ይጠይቃል። እንዲህ አድርጋ የበታተነችው ለልጇ ስትል ነው።

ልጁ ኦቲዝም አለበት። የሚናገራቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፤ አንድ ነገር ሲፈልግ ከመጠየቅ ይልቅ የእናቱን እጅ ይዞ ወደ ነገሩ ይጎትታል። ድንገተኛ ድምፅ ያስደነግጠዋል፤ የለመደው ነገር ሳይነገረው ሲለወጥበት ደግሞ ጆሮውን ይዞ መሬት ላይ ይተኛል። እናቱ የምትተዳደረው በልብስ ስፌት ነው። ልጅ ማሳደግንም የምታየው በዚያው ዓይን ነው፤ የሚማሩት፣ የሚለማመዱት፣ ስልቱንም ለሌላ የሚያስተላልፉት ሥራ ነው ትላለች።

ማደልን ስታስተምረው የጀመረችው ከመጨረሻው ነው። ሁሉንም ራሷ ትሠራና ሲኒው ከጎረቤቷ እጅ ለመድረስ አንድ ስንዝር ሲቀረው ለልጁ ታስይዘዋለች። የእሱ ድርሻ ያቺን ስንዝር መጨረስ ነው። በመጀመሪያ ሲኒው ባዶ ነበር፤ ቀጥሎ ቀዝቃዛ ውሃ ተደረገበት፤ ቡና የመጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ስንዝሯን ሲለምድ ርቀቱ አንድ እርምጃ ሆነ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ከረከቦቱ እስከ በሩ። ልጅ አንድን ሥራ ከመጀመሪያው ሲጀምር ድካሙ ይቀድምና ምስጋናው ይርቅበታል። ከመጨረሻው ሲጀምር ግን ሥራው ያለቀው በእሱ እጅ ነውና "ተባረክ" የሚለው ቃል ወዲያው ይደርሰዋል። የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሠለጥኑ ባለሙያዎች በብዙ አገር ልብስ መልበስንም እጅ መታጠብንም የሚያስተምሩበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው።

ቡናን የመረጠችበት ሌላም ምክንያት አላት። ኦቲዝም ላለባቸው ብዙ ልጆች ትልቁ ጭንቀት ቀጥሎ የሚመጣውን አለማወቅ ነው። የወሎ ቡና ግን ቅደም ተከተሉ አይናወጥም። ሳይቆላ አይወቀጥም፣ ሳይወቀጥ አይጣድም፤ አቦል ይቀድማል፣ ቶና ይከተላል፣ በረካ ይዘጋል። ልጁ ሰዓት ማንበብ ባይችልም በረካ ሲደርስ ሰዎቹ እንደሚነሡና ቤቱ ጸጥ እንደሚል ያውቃል። ስለዚህ የሰው ብዛትና ጫጫታ ሲከብደው ጎንበስ ብላ "ቶና ላይ ነን" ትለዋለች። ምን ያህል እንደቀረው ስለሚገባው ይታገሣል። ለዚህ ልጅ ከዚህ የተሻለ የጊዜ ሰሌዳ ማንም ሊሠራለት አይችልም ነበር፤ እናቶቻችን ለሌላ ዓላማ ሠርተው ያቆዩት ነገር ነው።

ያለ ጎረቤቶቿ ግን ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። ወሎ ውስጥ ሰው ሲጨነቅ "አብሽሪ" የሚለው ብዙ ነው። "አብሽሪ እታለም፣ አላህ ያውቃል" ትላታለች ፊት ለፊት ያለችው ሙስሊም ጎረቤቷ፤ ቃሉም ልብ ያሳርፋል። እናትየው ግን ከማጽናናት ያለፈ ነገር ለመጠየቅ ደፈረች። ሲኒውን ሲያቀርብላችሁ ቶሎ አትቀበሉት፣ ቀና ብሎ እስኪያያችሁ ጠብቁት አለቻቸው። እሱን ስትጠይቁት መልሱን እናንተ አትመልሱለት። ሲጮኽ ዝም ለማሰኘት ስኳር አትስጡት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፊቱ ላይ "ውይ ሲያሳዝን" አትበሉ፤ አይናገር እንጂ ይሰማል።

የመጨረሻው ልመና ለሰዎቹ ከባድ ነበር፤ ማዘን በአገራችን ደግነት ነውና። አንዳንዶቹ ቅር ተሰኝተው ለጥቂት ጊዜ ቀሩ። ፊት ለፊት ያለችው ሴት ግን የቡናው ትኩሳት እያቃጠላት፣ እጇን ዘርግታ፣ ልጁ ቀና እስኪል የምትጠብቅ ሆነች። ከወዳጅ የሚፈለገውን ትልቅ ነገር ይህ ጸሐፊ እዚህ ላይ ያየዋል። ስለ ልጁ መልካም የሚያወራ ብዙ ነው፤ የልጁን ፍጥነት ተቀብሎ ቁጭ የሚል ግን ጥቂት ነው። በዚህች ሴት ቤት ወዳጃ የሚባለው የጸሎት ስብስብ ሲኖር፣ ድቤውና መንዙማው ከመጀመሩ በፊት እናትና ልጅ ቀድመው ገብተው ዱአ ተደርጎላቸው ይወጣሉ። ሰዓቱን የምታስታውሳቸው ራሷ ባለቤቲቱ ናት።

በወሎ ቅሬ የሚባለው ዕድር ደግሞ ሌላ ፈተና ነበር። ለቅሶ ላይ አለመገኘት በኮምቦልቻም በደሴም ቀላል ነገር አይደለም፤ ቅጣቱ በገንዘብ ይከፈላል፣ ወቀሳው ግን አይከፈልም። ልጁን ይዞ ለቅሶ ቤት መግባት አይቻልም፤ የሚጠብቀው ሰው ሳይኖር ትቶት መሄድም አይቻልም። እናትየው ለቅሬው ሴቶች ነገሩን በግልጽ ነገረቻቸው። በድንኳን መቀመጡ ቀርቶላት ከቤቷ እንጀራ ጋግራ እንድትልክ ተስማሙ። ልጁም ከምጣዱ ጎን ሆኖ እንጀራውን በመሶብ መደርደር ተማረ። ብዙ እናቶች ግን እንዲህ ያለውን ነገር ሳይጠይቁ ራሳቸውን ከሰው ያገልላሉ፤ መገለሉ ደግሞ ልጁ የሚማርበትን ሰው ሁሉ ይዞበት ይሄዳል።

የልጁ አያት ያሉት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ለዚህ ልጅ ግን ጉዞው ከቤት ሳይወጣ ይጀምራል። ኮምቦልቻ ቆላ ቀመስ ናት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከጦሳ ሥር ተቀምጣ ጉምና ብርድ ታበዛለች። ሐረጎን እየተጠመዘዙ ሲወጡ አየሩ ይለወጣል፣ ሹራብ መልበስ ግድ ይሆናል። ልጁን ደግሞ አንገቱን የሚነካው ሱፍ ያሳብደዋል። እናትየው ከጉዞው ቀናት በፊት ሹራቡን በቤት ውስጥ ለአጭር ጊዜ ታለብሰዋለች፤ በአንገቱ ዙሪያ ለስላሳ ጥጥ ሰፍታበታለች፤ መለያውንም ከውስጥ ፈትታ አውጥታዋለች። ሚኒባስ ውስጥ የሚቀመጡት ከመስኮት በኩል ነው፤ ረዳቱ ሲጣራ ጆሮውን የሚይዝበት ቦታ እንዲያገኝ።

አያቱ በመጀመሪያ ነገሩን ከሰው ዓይን ነው ያሉት። ጸበል እንዲወሰድ ፈለጉ፤ ተወሰደም። እናትየው በዚህ ከእናቷ ጋር አልተጣላችም። ጸሎቱም ጸበሉም የቤተሰቡ እምነት ነው፤ ልጁ እስካልታሰረ፣ እስካልተራበ፣ የሐኪም ክትትሉም እስካልተቋረጠ ድረስ የምትቃወምበት ምክንያት የላትም። አያቱ በፊናቸው እሷ ያላሰበችውን አደረጉ። በመጣ ቁጥር በዚያው በርጩማ ላይ ያስቀምጡታል፤ በዚያው ሰሃን ቆሎ ያቀርቡለታል፤ አይጠሩት፣ አይዳስሱት፤ ጥጥ እየፈተሉ እስኪመጣ ይጠብቁታል። ኋላ ላይ ራሱ እየሄደ ከጉልበታቸው ይጠጋ ጀመር።

ለልጁ ሁኔታ እናትን ጥፋተኛ ማድረግ የደሴና የኮምቦልቻ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ሊዮ ካነር በ1943 እ.ኤ.አ. 11 ልጆችን አጥንቶ ኦቲዝምን በጽሑፍ ካስተዋወቀ በኋላ፣ በምዕራቡ ዓለም ለረጅም ዓመታት ችግሩ ከእናት ፍቅር ማጣት የመጣ ነው ይባል ነበር። ብሩኖ ቤተልሃይም ይህን ሐሳብ በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አስፋፍቶታል። ያፈረሱት ከሌሎች በላይ ወላጆች ናቸው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት የሆነው የሥነ ልቦና ባለሙያ በርናርድ ሪምላንድ የኦቲዝም መነሻ ሥነ ሕይወታዊ እንጂ የአስተዳደግ ጉዳይ እንዳልሆነ በ1964 እ.ኤ.አ. ጽፏል። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሎርና ዊንግ ደግሞ ኦቲዝም ያለባት ልጅ እናት ነበረች፤ በ1962 እ.ኤ.አ. በአገሯ የተመሠረተውን የወላጆች ማኅበር ካቋቋሙት አንዷ ናት። እዚያ በሳይንስ ስም፣ እዚህ በእርግማን ስም፣ ጣቱ የተቀሰረው ወደ እናት ነው። በአዲስ አበባ በሁለት የሕክምና ተቋማት 102 የልጆች አሳዳጊዎችን ያነጋገረ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ወደ ግማሽ የሚጠጉት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ አግኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንደነበረበት ይገምታል፤ ከዚህ አንጻር የተደበቀው ልጅ ብዛት ያሳስባል።

በአገራችን ይህን መደበቅ በአደባባይ የሰበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ከአሜሪካ ተመልሰው በውበት ሙያ ሥልጠና ላይ ተሰማርተው ነበር። ልጃቸው ጆጆ ኦቲዝም እንዳለበት ካወቁ በኋላ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው። መናገር ለተቸገሩ ልጆችም በፊደላችን ድምፆች ላይ የቆመ "አቡጊዳ ፎኔቲክስ" የተባለ የማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጁ። በቴሌቪዥን ቀርበው ስለ ልጃቸው ሳይሸማቀቁ ሲናገሩ ያየች እናት ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ለልጇ ነገር ስም አግኝታለታለች ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ2013 ዓ.ም. አረፉ። ከጆይ በኋላ ወላጆች ተሰባስበው ያቋቋሙት ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም እዚያው አዲስ አበባ ይገኛል።

አዲስ አበባ ግን ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ልጅን በየጠዋቱ የሚወስዱባት ከተማ አይደለችም። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው የክህሎት ሥልጠና ይህችን እናት የሳባት። ዘጠኝ የቡድን ስብሰባዎችና ሦስት የቤት ጉብኝቶች አሉት። የሚያሠለጥነው ሰው የግድ ስፔሻሊስት እንዲሆን አይጠይቅም፤ ትምህርቱም በጨዋታና በየዕለቱ የቤት ሥራ ላይ የተመሠረተ ነው፤ የእናትየዋን የራሷን ድካምም አይረሳም። በኢትዮጵያ ተሞክሮ ለአገሩ ሁኔታ እንዲስማማ ተደርጓል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የጤና ትምህርት የሚሰጠው ደሴ ውስጥ ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም እያንዳንዱን በር ያውቃሉ። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ላይ ቢሠሩ ሥልጠናው ከየሰፈሩ ቡና አጠገብ ሊደርስ ይችላል፤ መድረስም አለበት።

ጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ እንዲህ ያሉ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦችም እንደ ሌላው ሰው ወደ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ሸሹ። ሌላው ልብስና ሰነድ ሲይዝ ይህች እናት ጀበናና ጥቂት ሲኒዎችም ጨመረች። በተጠለሉበት ቤት ውስጥ ሁሉ ነገር ባዕድ ነበር፤ ልጁ የነበሩትን ጥቂት ቃላት እንኳ ተወ። ከሰል በተገኘ ቀን ቡና ታፈላለች፤ ቡና ሲጠፋ ገብስ ቆልታ በዚያው ቅደም ተከተል ታስኬደዋለች። ከማያውቋቸው ተፈናቃዮች አንዷ እጇን ዘርግታ ስትጠብቀው፣ ልጁ ቀና ብሎ አያት።

አሁን ደግሞ ከደሴም ከኮምቦልቻም ሌሎች እናቶች ይጠይቋታል። በአብዛኛው የሚጀምሩት "መቼ ይናገራል?" በሚል ነው። ይህን ማንም ሊነግራቸው እንደማይችል ትነግራቸዋለች፤ ከዚያም ልጃቸው በቀን ውስጥ የሚወደውን አንድ ሥራ እንዲመርጡ፣ እሱንም በትነው እንዲያመጡላት ታዛቸዋለች። አንዷ እጅ ማስታጠብን መረጠች፤ ሌላዋ ለዶሮ ጥሬ መበተንን።

ለራሷ ልጅ የያዘችው ቀጣይ ሥራ ከሰፈሩ ሱቅ ዳቦ መግዛት ነው። ከባለሱቁ ጋር ተነጋግራለች። ልጁ ብሩን ከመስኮቱ ላይ ሲያስቀምጥ ባለሱቁ ወዲያው ዳቦ አይሰጠውም፤ በልቡ እስከ 10 ይቆጥራል። በዚያ መካከል ልጁ በጣቱ ካመለከተ ወይም "ዳ" ካለ ይሰጠዋል። ሌላ ደንበኛ ከኋላ ቢያጣድፍ "ተራው የእሱ ነው" ብሎ እንዲመልስለት ጠይቃዋለች። ባለሱቁ ጠዋት ሰው ስለሚበዛበት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንዲሆን ለምኗታል፤ እሷም ተስማምታለች።