የማማ መሙያ በሰንጠረዥ ብቻ አይመረጥም

በኬሚካል ፋብሪካ ጋዝን በፈሳሽ ለማጠብ ወይም ለማስመጠጥ፣ ቀለበት መሳይ መሙያ የተከመረበት ማማ ይሠራል። ፈሳሹ ከላይ ይወርዳል፤ ጋዙ ከታች ይወጣል፤ ሁለቱም በመሙያው ገጽ ላይ ይገናኛሉ። መሙያው ከምን ይሠራ ለሚለው ጥያቄ የምንማርባቸው መጻሕፍት «ይስማማል» ወይም «አይስማማም» የሚል ሰንጠረዥ ያቀርቡልናል። ጠቃሚነቱን አንክድም፤ ዳሩ ግን ሦስት ጉድለቶች አሉበት።

አንደኛ፣ ሰንጠረዡ ስለ ዘወትር ሥራ እንጂ ፋብሪካው ስለሚቆምበት ቀን አይናገርም። ተራ ብረት 98 ከመቶ የሆነውን ቀዝቃዛ ሰልፈሪክ አሲድ በመጠኑ ይችላል፤ በገጹ ላይ የሚጋገረው የብረት ሰልፌት ይከላከልለታልና። ነገር ግን ማማው ቆሞ እርጥብ አየር ሲገባና አሲዱ ሲቀጥን ያው ብረት ፈጥኖ ይበላል።

ሁለተኛ፣ ሙቀትንና ጥንካሬን በአንድ ቃል ይጠቀልላል። ሴራሚክ ከሃይድሮፍሎሪክ በቀር አሲዶችን ሁሉ ለማለት ይቻላል ይቋቋማል፤ ስለዚህ እንደ አዋሽ መልካሳው ባለ የሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ ተገቢ ነው። ትኩስና ጠንካራ ኮስቲክ ሶዳ ግን ይበላዋል፤ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥም ይሰነጥቀዋል። በሱሉልታ አንድ የቆዳ ፋብሪካ የሰልፋይድ ጋዙን በቀዝቃዛ ኮስቲክ ሶዳ ማጠብ ቢፈልግ ቀላሉ ፖሊፕሮፒሊን ይሻለዋል። ይኸው ፖሊፕሮፒሊን በትኩስ ጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ይበላሻል።

ሦስተኛውን ከሁሉ አብልጠን እንነቅፋለን፤ አገሩን አያይም። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ያው ክብደት ያለው ጋዝ ሲሶ ያህል ተጨማሪ ቦታ ይይዛል፤ ማማውም ፈሳሹ መውረድ አቅቶት ወደሚሞላበት ወሰን 15 ከመቶ ያህል ይጠጋል። የሴራሚክ ቀለበት ግድግዳው ወፍራም፣ መተላለፊያውም ጠባብ ስለ ሆነ፣ እሱን የመረጠ ሰው ማማውንም ማስፋት አለበት። ይህን ከዘነጋ ጋዙ ሳይታጠብ በአጠገብ ወዳሉት መንደሮች ይወጣል።

ስለዚህ ከሰንጠረዡ በፊት አራት ጥያቄ እንዲጠየቅ እናሳስባለን፤ ፈሳሹ እጅግ የሚሞቀው መቼ ነው? የሚቀጥነውስ? ማማው ሲቆም ምን ይገባበታል? የቦታው ከፍታ ምን ያህል ነው? በላቦራቶሪያችንም የየዓይነቱን ቁራጭ መዝኖ በአሲድ ውስጥ ማቆየት፣ ከዚያም እንደገና መዝኖ የጎደለውን መመዝገብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የአገራችንንም ሸክላ በዚሁ መንገድ እንመርምር፤ ውሃ የሚጠጣ ሸክላ አሲድም ይጠጣልና።