«ዝቅተኛ ኃይል» ስለሚለው ስያሜ

በአቃቂ ቃሊቲ ጋራዦች ለከባድ መኪና ተሳቢ መብራት ሲጨመር አስቀድሞ ሊለይ የሚገባው የባትሪው የ24 ቮልት መሥመር ነው። ይህን መሥመር፣ «ከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ» የሚለውን ልማድ ተከትሎ «ዝቅተኛ ኃይል» ብሎ መተርጎም ግን ያሳስታል። ኃይል የሚለካው በዋት ነው፤ ዋትም የቮልትና የአምፔር ብዜት ነው። በድምሩ 120 ዋት የሆኑ መብራቶች በቤት 220 ቮልት ከ0.6 አምፔር በታች፣ በተሳቢው 24 ቮልት ግን 5 አምፔር ይስባሉ። ኃይሉ አልቀነሰም፤ ስያሜውን አምኖ ቀጭን ሽቦ የመረጠ ሠራተኛ ሽቦው ግሎ እሳት ሊነሣበት ይችላል። ስለዚህ «ዝቅተኛ ቮልቴጅ» ይባል፤ «ኃይል» ለዋት ይወሰን እንላለን። ከጣሊያንኛ ገብቶ በዘልማድ ለኤሌክትሪክ ሁሉ የሚነገረው «ኮሬንቲ»ም በአምፔር ለሚለካው ፍሰት ቢመደብ ጋራዡና መዝገበ ቃላቱ ይግባባሉ።