የ«አምባዛ» ወሰን እስከ የት ነው?

«ካትፊሽ» የሚለውን ቃል ወደ አማርኛ ሲመልሱ አንዳንድ ተርጓሚዎች «የድመት ዓሣ» ይላሉ፤ ሌሎች «አምባዛ» ብለው ያልፋሉ። የፊተኛው ብዙ ሐተታ አያሻውም፤ የባዕዱን ቃል ቈራርጦ ማምጣት ነው። የኋለኛው ግን ትክክል ስለሚመስል ይበልጥ ያሳስታል።

አምባዛ የጣና አጥማጅ የሚያውቀው፣ ቅርፊት ስለሌለው ብዙ ምእመን የማይበላው፣ አራት ጥንድ ጢም ያለውና የጀርባ ክንፉ እስከ ጭራው አጠገብ የሚዘልቅ ዓሣ ነው። በጣና ከዚህ በቀር ሌላ የካትፊሽ ወገን ስለሌለ አንዱ ስም ለአንዱ ዓሣ በቂ ሆኖ ኖሯል። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ፏፏቴው ከታች የሚመጣውን ዓሣ ያግዳልና።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቆላ፣ በዓባይና በገባሮቹ፣ ሲኖዶንቲስ የተባለው ወገን ይገኛል። ራሱ በአጥንት ጋሻ የተሸፈነ፣ ጢሙ ሦስት ጥንድ ሲሆን የታችኞቹ ቅርንጫፍ ያወጡ ናቸው። ከወንዙ ወለል ትላትልና ቀንድ አውጣ ይለቅማል፤ ሲይዙት የጎን ክንፉን እሾህ ከመገጣጠሚያው ጋር እያፋተገ ሲጥ ሲጥ ይላል። ባግረስ ደግሞ በጢሙ ቍጥር አምባዛን ይመስላል፤ ሆኖም የጀርባ ክንፉ አጭር፣ ጭራው እንደ መንሽ የተሰነጠቀ፣ ሌሎች ዓሦችን የሚያድን ነው። የሱዳን አጥማጆች ሦስቱን ገርሙጥ፣ ገርጉርና በያድ ብለው ይለያሉ።

ታዲያ «ባለጢም ዓሣ» ቢባልስ? ይህም አይበቃም። በቀይ ባሕር የኮራል ድንጋይ ዳር በአገጩ ሁለት ጢሞች አሸዋውን እየዳሰሰ የሚመገብ፣ እንግሊዞች በፍየል የሰየሙት ዓሣ አለ፤ ባለ ቅርፊት ነው፣ የካትፊሽም ዘመድ አይደለም።

ጉዳዩ የቃል ብቻ አይደለም። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ በጉባ የሕዳሴው ግድብ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ውሃ ሲይዝ ከተፈጠረው ንጋት ሐይቅም ዓሣ ይሰገራል። አሶሳ ላይ የሚጻፍ የምርት መዝገብ ሦስቱን «አምባዛ» ብሎ ቢያጠቃልል የአንዱ መመናመን በሌላው ብዛት ተሸፍኖ ይቀራል።

ስለዚህ «አምባዛ» ለጣናው ዓይነት ይጠበቅ፤ ጠቅላላው «የአምባዛ ወገን» ይባል። ለቀሩት ስም ከመፍጠር በፊት ዓሣው በእጅ ተይዞ የበርታና የጉሙዝ አጥማጆች ይጠየቁ፤ የሚገኘውም ስም ከጢሙ ቍጥርና ከጀርባ ክንፉ መግለጫ ጋር ይመዝገብ። እስከዚያ ድረስ «ሲኖዶንቲስ» እና «ባግረስ» ብሎ መጻፍ ይሻላል።