የጥርኝ ውሃ ሚዛን፤ ስለ ምሕረትና ስለ ፍርድ

በየዓመቱ የካቲት 16 ቀን የኪዳነ ምሕረት በዓል ሲከበር፣ በጋምቤላም ከተማ እንደ ሌላው አገር ሁሉ የበላዔ ሰብ ታሪክ ይነገራል። ታሪኩን ከቶ ያልሰማ ወጣት ጥቂት ነው። ነገር ግን ብዙው ሰው የያዘው መጨረሻውን ብቻ ነው፤ ይኸውም 78 ነፍስ ያጠፋ ሰው በአንድ ጥርኝ ውሃ መዳኑን። ከዚህም የተነሣ ሁለት ዓይነት ሰሚ አገኛለሁ። አንደኛው «እንግዲያው ምንም ብበድል አንድ ቀን ጥርኝ ውሃ እሰጣለሁ» ብሎ ልቡን ያሳርፋል። ሁለተኛው ደግሞ «የተበሉትስ? እነሱ ምን አገኙ?» ብሎ ይቈጣና ታሪኩን ይተወዋል። እኔን ከፊተኛው ይልቅ ይህ ሁለተኛው ደስ ያሰኘኛል፤ የተቈጣው ስለ ሰው ነውና። ቢሆንም ሁለቱም ታሪኩን እስከ ሥሩ ያዩት አይመስለኝም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ከሩቅ አገር መብራት ተውሼ ታሪኩን እንደ ገና ላነበው አስቤአለሁ። መብራቱም ካባላ የሚባለው የአይሁድ የምሥጢር ትምህርት ነው።

ካባላ ከመነሣቱ ብዙ ዘመን አስቀድሞ የነበሩ የአይሁድ መምህራን ስለ ዓለም አፈጣጠር የሚናገሩት ምሳሌ አለ። አንድ ንጉሥ ስስ ጽዋዎች ነበሩት ይላሉ። ፍል ውሃ ባደርግባቸው ይፈነዳሉ፣ እጅግ የቀዘቀዘ ባደርግባቸው ይሰነጠቃሉ ብሎ ዐሰበና ሁለቱን ቀላቅሎ ቀዳባቸው፤ ጽዋዎቹም ደኅና ሆነው ቆሙ። እግዚአብሔርም ዓለሙን በምሕረት ብቻ ቢፈጥረው ኃጢአት ሊበዛበት፣ በፍርድ ብቻ ቢፈጥረው ዓለሙ ጨርሶ ሊቆም የማይችል ስለ ሆነ በሁለቱ ፈጠረው ይላሉ። እነዚሁ መምህራን አብርሃም ስለ ሰዶም ሲከራከር የተናገረውን ሲተረጕሙ፣ አብርሃም እግዚአብሔርን ገመዱን በሁለቱም ጫፍ ይዘሃል፤ ዓለሙን ከፈለግህ ጥብቁ ፍርድ አይሆንልህም፣ ጥብቁን ፍርድ ከፈለግህ ዓለሙ አይኖርልህም እንዳለው አድርገው ያቀርቡታል። ድፍረቱ ያስደንቃል። ለሰው ሲል ፈጣሪውን የሚሞግት ሰው አባት ተብሎ መጠራቱም ይገባዋል።

በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በስፔን አገር በካስቲል፣ ዞሐር የሚባል በአራማይስጥ ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ ብቅ አለ። ወዳጆቹ ለጥንቱ መምህር ለስምዖን ባር ዮሐይ ይሰጡታል፤ ጌርሾም ሾለምን የመሰሉ የኋላ ሊቃውንት ግን የአብዛኛው ክፍል ጸሐፊ ሙሴ ዴ ሌዖን ነው ብለዋል። ይህ መጽሐፍ የቀድሞውን ምሳሌ ወስዶ ወደ ሰማይ አወጣው። እግዚአብሔር በ10 መዓርግ ይገለጣል፤ በነሱ ቋንቋ ሴፊሮት ይባላሉ። በቀኝ በኩል ያለው ሔሴድ ቸርነት ነው፤ ምሳሌውም ውሃ፣ ሰውም ቢሉ አብርሃም ነው። በግራ በኩል ያለው ዲን ፍርድ ነው፤ ቃሉ የእኛው የግዕዝ «ደይን» ወንድም ነው። ምሳሌውም እሳት፣ ሰውም ቢሉ ይስሐቅ ነው። በመካከል ሁለቱን የሚያያይዝ ቲፌሬት፣ በሌላ ስሙ ራሐሚም፣ ይቆማል፤ ሰውም ቢሉ ያዕቆብ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በል። ይህ መካከለኛ፣ በገበያ ሻጭና ገዢ እኩል ለእኩል እንደሚስማሙበት ዋጋ ያለ አይደለም። የካባላ ሰዎች ያዩት ነገር ከዚያ ይረቅቃል። ሔሴድ ብቻውን ወሰን የሌለው መስጠት ስለ ሆነ ተቀባዩን እንደ ክረምት ወንዝ ያሰጥመዋል። ባሮ ሲሞላ ያየ የጋምቤላ ልጅ ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። ዲንም በራሱ ክፉ አይደለም፤ ወሰንና ልክ ማለት ነው፣ ለወንዙም ዳር የሚሆነው እሱ ነው። ነገር ግን ፍርድ ከምሕረት ተቈርጦ ብቻውን ሲወጣ፣ «ሌላው ወገን» ብለው የሚጠሩት ክፋት ከዚያ ይወለዳል ይላሉ። እኔ ከትምህርታቸው ሁሉ ይበልጥ የሚከብደኝ ይህ ነው፤ ክፉ ሰው ብዙ ጊዜ ራሱን ፈራጅ አድርጎ የሚያይ ሰው ነው ማለታቸው ነውና።

አሁን ወደ በላዔ ሰብ ልመለስ። በአገራችን በሰፊው በሚተረከው መልክ፣ ይህ ሰው ከመጀመሪያው ሰው በላ አልነበረም። ባለጠጋ፣ እንደ አብርሃም እንግዳ ተቀባይ ነበር። ሰይጣን የሥላሴን መልክ አስመስሎ በእንግድነት መጣበትና ልጅህን ዕረድልኝ አለው፤ እሱም ዐረደ። ከዚያ በኋላ ነው የሰው ሥጋ የለመደው። ዞሐር ስለ አብርሃምና ስለ ይስሐቅ መሥዋዕት ሲናገር፣ በዚያ ተራራ ላይ የውሃው ሰው እሳት እንዲጨብጥ፣ ምሕረትም ከፍርድ ጋር እንዲተሳሰር ሆነ ይላል። ቢላዋውም የቆመው በመጨረሻው ቅጽበት ነው። በላዔ ሰብን ግን «ተው» የሚል ድምፅ አላቆመውም። ቸርነቱ ወሰን አልነበረውም፤ እንግዳን እምቢ ማለት አያውቅም ነበር። ለእንግዳው ሲራራ በልጁ ላይ ጨከነ።

እንዲህ ሲነበብ ታሪኩ ስለ አንድ አውሬ መሆኑ ቀርቶ፣ ፍርድ የሌለበት ደግነት ሰውን ወዴት እንደሚያደርስ የሚናገር ይሆናል። የአይሁድ መምህራንም ለጨካኝ የሚራራ ሰው በመጨረሻው ለሩኅሩኅ ይጨክናል ብለው ነበር፤ ይህንም ያሉት ንጉሥ ሳኦል አጋግን ምሮ ኋላ የካህናቱን ከተማ ኖብን ስላጠፋ ነው። ወጣቱ አንባቢ ይህን ከራሱ ሰፈር ጋር ያስተያየው። ጉቦኛውን ዘመድ «ምን ይደረግ፣ የእኛው ልጅ ነው» ብሎ የሚያሳልፍ ቸር ሰው፣ ማንን እየበላ እንደ ሆነ አያውቀውም።

ቀጥሎ ሚዛኑ ይመጣል። የተጠማው በሽተኛ በእግዚአብሔርና በቅዱሳን ስም ሲለምነው በላዔ ሰብ እምቢ አለ፤ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን አንድ ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ጥርኝ ውሃ መተማመኛዬ ነው የሚለው ሰው የሚዘነጋው፣ ይህ ሰው ሳይመዘን አለመማሩን ነው። ሚዛን ቀረበ፤ 78ቱ ነፍሳት በአንድ ወገን ተቀመጡ። ውሃው ብቻውን አልደፋም፤ የእመቤታችን ጥላ ካረፈበት በኋላ ነው የደፋው። ተራኪው ውሃ ከደም ጋር እኩል ነው አላለም። ዞሐር ደግሞ ታች ያለው አስቀድሞ ካልተነሣሣ ላይ ያለው አይነሣሣም ይላል። በዚህ ብርሃን ሲታይ ጥርኙ ውሃ ዋጋ መሆኑ ይቀርና፣ የላይኛውን ውሃ የቀሰቀሰ የታችኛው ጠብታ ይሆናል። አንድ ሰው ከክፋቱ ሁሉ መካከል ለአንድ ጊዜ እጁን ዘረጋ፤ የቀረው ከሰማይ ነው።

ተአምረ ማርያም በዐፄ ዳዊት ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰ፣ መነሻውም አውሮጳ የሆነ መጽሐፍ ነው። ይሁን እንጂ የካስቲሉ ዞሐርና የእኛ ተራኪዎች ተሰማምተዋል ማለቴ አይደለም፤ ሁለቱም አንድ ጥያቄ አስጨንቋቸዋል። የጎንደር ቤተ እስራኤል እንኳ፣ ዞሐርን ሳያውቁ፣ ትእዛዘ ሰንበት በሚባለው መጽሐፋቸው ሰንበት እንደ ሴት ሆና በሲኦል ስላሉ ነፍሳት ስትለምን ያሳያሉ። ከፈራጁ ፊት የሚለምን አንድ ሰው መኖር አለበት የሚለው አሳብ በአገራችን ሥሩ ጥልቅ ነው።

ነገር ግን «የተበሉትስ?» ያለው የሁለተኛው ወጣት ጥያቄ ገና አልተመለሰም። 78ቱ፣ የገዛ ሚስቱና ልጆቹ ጭምር፣ በሚዛኑ ላይ ክብደት ሆነው ተቀምጠዋል እንጂ አንድ ቃል አልተናገሩም። ታሪኩን የምነቅፈው በዚህ ነው፤ ካባላንም በዚሁ እነቅፈዋለሁ። ዞሐር ምሕረትንና ፍርድን በእግዚአብሔር መዓርጎች መካከል ሲያስታርቅ እጅግ ድንቅ ነው። የሟች እናት ግን ከሰማዩ ሸንጎ አልተጠራችም። እሷ የተጠራችበትን ሸንጎ ለማግኘት ከባሮ ወንዝ ዳር ርቄ መሄድ አላስፈለገኝም።

እንግሊዛዊው ሊቅ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 እና በ1956 ባሳተማቸው መጻሕፍት የኑዌርን ሥርዐት ጽፎአል። ያጠናው በሱዳን በኩል ቢሆንም በጋምቤላ የሚኖሩት ኑዌሮች የዚያው ሕዝብ ክፍል ናቸው። በዚያ ሥርዐት ሰው የገደለ ሰው የነብር ቆዳ ወደሚለብሰው የምድር ካህን ቤት ይሮጣል። ካህኑ ወታደር የለውም፤ ኃይሉ በምርቃቱና በእርግማኑ ነው። በዓሣ መውጊያ ጦር የገዳዩን ክንድ ቧጦ ደም ያፈስለታል። የሟች ደም ከገዳዩ ሰውነት ገብቷል ተብሎ ስለሚታመን፣ ይህ ሳይደረግለት ገዳዩ እህል ውሃ አይቀምስም። በካህኑ ቤት እስካለ ድረስ ማንም አይነካውም፤ ከወጣ ግን የሟች ወገኖች ይጠብቁታል።

ቍጣው ጥቂት ሲበርድ ካህኑ ለሽምግልና ይነሣል። ከገዳዩ ወገን ምን ያህል ከብት እንዳለ ይጠይቅና ወደ ሟች ቤት ይሄዳል። የሟች ዘመዶች እምቢ ይላሉ። እምቢ ማለት ክብራቸው ነው። ወዲያው እሺ ቢሉ ወንድማቸውን ሸጡት ይባላል። ካህኑም ይህን ያውቃል፤ ይለምናቸዋል፣ ይገፋፋቸዋል፣ በመጨረሻም እረግማችኋለሁ ይላል። ያን ጊዜ ስለ አንተ ክብር ስንል ነው ብለው ይቀበላሉ። እኔ ይህን ክፍል ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ፍርድ ድምፁን እስኪጨርስ ድረስ ምሕረት በደጅ ትጠብቃለች። የተበደለው ሰው እምቢታውን በአደባባይ ከተናገረ በኋላ ነው እሺታው የሚጠየቀው።

ካሳውም ከ40 እስከ 50 ከብት ነበር። ከብቶቹ ግን የሥጋ ዋጋ አይደሉም። በነሱ ለሟቹ በስሙ ሚስት ታገባለታለች፤ የምትወልዳቸውም ልጆች የሟቹ ልጆች ይባላሉ። ገዳዩ ነፍሱን አገኘ፤ ሟቹም ስሙን የሚጠራ ልጅ አገኘ። በበላዔ ሰብ ሚዛን ላይ ዝም ብለው የቀሩት፣ በዚህ በረት ተጠርተው ድርሻቸውን ወሰዱ።

ይህን ስል ሥርዐቱ ነቀፋ የለበትም ማለቴ አይደለም። ነቀፋው ከባድ ነው። ኢቫንስ ፕሪቻርድ እንደ ጻፈው የካሳው ግዴታ በአንድ ነገድ ውስጥ ነው እንጂ ከዚያ አያልፍም፤ ለባዕድ ደም ከብት አይቈጠርም። ሻሮን ሃቺንሰን የምትባል አሜሪካዊት ሊቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ በሱዳን የርስ በርስ ጦርነት ዘመን «የመንግሥት ጦርነት» ለተባለው ግድያ ማንጻትም ካሳም አያስፈልግም የሚል ትምህርት እንደ ገባ ጽፋለች። ጠመንጃው ገዳዩን ከካህኑ ቤት አስቀረው። ክንዱ ሳይቧጠጥ ቤቱ ገብቶ እራቱን በላ ማለት ነው።

የባዕድ ደም ግን የኑዌር ብቻ ችግር አይደለም፤ የእኛም የደገኞቹ ነው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. ከጋምቤላ ከተማ አቅራቢያ 8 ሰዎች በመንገድ ላይ ተገደሉ። አስከሬናቸው ከተማ ገብቶ በታየ ጊዜ፣ ገዳዩ ማን እንደ ሆነ ሳይጣራ፣ ወታደሮችና የደጋ ተወላጆች በአኙዋዎች ላይ ተነሡ። የሰብአዊ መብት ተሟጋቾች የሟቾቹን ቍጥር በመቶዎች ያደርሱታል፤ ቤቶች ተቃጠሉ፣ ብዙ ሺህ ሰዎችም ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ያን ቀን በጎዳናው የሮጠው ሰው ፍርድ እየሰጠ መስሎት ነበር። ጻድቁን ከኃጥኡ ጋር ታጠፋለህን የሚለው የአብርሃም ጥያቄ ለዚያ ጎዳና የተጻፈ ይመስላል። ካባላ «ሌላው ወገን» የሚለውን ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላውቅም።

እንዲህ ያለ ነገር ካለፈ በኋላ «ያለፈው አለፈ፣ ይቅር እንባባል» የሚል መካሪ አይጠፋም። ይቅርታን የሚጠላ የለም። ነገር ግን ይህን ቃል የሚናገረው ብዙ ጊዜ ያልተበደለው ወገን ነው፤ የሟች እናት እምቢ ለማለት እንኳ ገና አልተጠየቀችም። ይህ ጥርኝ ውሃ ሳይሰጡ ጥላውን መጠበቅ ነው።

ኢቫንስ ፕሪቻርድ እንደሚለው፣ ከከብቱ 20 ያህሉ ከተሰጠ በኋላ የማስታረቂያው ሥርዐት ይፈጸማል፤ የገዳዩም ዘመዶች በመንገድ ሳይፈሩ ይሄዳሉ። ቂሙ ግን ጨርሶ እንደማይሞት ኑዌሮች ራሳቸው ያውቁታል። ይህን የሥርዐቱ ጉድለት አድርገው የሚቈጥሩ አሉ። እኔ ከታሪካችን የታጣውን ያገኘሁት እዚሁ ላይ ነው፤ ሚዛኑ ከደፋ በኋላም ስለ ሟቹ የሚጠይቅ ሰው አለ፤ ቀሪዎቹም ከብቶች ለብዙ ዓመት ዕዳ ሆነው ይኖራሉ።